የድሬ ተማሪ ሲሠራ ሕጉ የት ነው?

ድሬዳዋ ቀኗን ለሁለት ከፍላ ነው የምትኖረው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ከዚራም መጋላም ሱቁ ይዘጋል፤ ሰው ወደ ቤቱ፣ ወደ ጥላው፣ ወደ በርጫው ይገባል። ወደ 10 ሰዓት ገደማ መዝጊያው እንደገና ይነሳና ከተማዋ እስከ ምሽት ትገበያያለች። በጠዋት ፈረቃ የሚማር የ10ኛ ክፍል ልጅ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ሱቁ ሊዘጋ ሲል ነው፤ ሱቁ ዳግም ሲከፈት ልጁ ምሳውን በልቶ፣ ትንሽ አረፍ ብሎ ዝግጁ ነው። ታይዋን ገበያ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የሚደረድረው፣ ከፊራ ላይ ሚዛን የሚይዘው፣ የአክስቱን ኪዮስክ የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ ይኸው ልጅ ነው። ባለሱቁም ይፈልገዋል። ለአንዱ ደንበኛ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በሶማሊኛ፣ ለሦስተኛው በአማርኛ ዋጋ የሚነግር ሻጭ ለድሬ ነጋዴ ትልቅ ሀብት ነው፤ የድሬ ልጅ ደግሞ ይህን የተማረው ሰፈሩ ውስጥ፣ ኳስ ሲጫወት ነው።

ስለዚህ ተማሪ መሥራት አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር ከሥራው ኋላ የሚመጣ ነው። ዘወትር የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይፈቀዳል ወይ? የሚፈቅደውስ ማን ነው? ለሁለተኛው መልሱ አጭር ነው፤ ማንም አይደለም። በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሥራ ፈቃድ የሚጠየቀው የውጭ ዜጋ ነው። ለ16 ዓመት ኢትዮጵያዊ ተማሪ የሚሰጥ ፈቃድ፣ ትምህርት ቤቱ የሚያፀድቀው ወይም ወላጅ የሚፈርምበት ቅጽ በሕጉ ውስጥ የለም። ሕጉ የሚያየው ዕድሜውን ብቻ ነው።

ዕድሜውም ቢሆን ተቀይሯል። በ1985ቱ ዐዋጅ ቁጥር 42 እና እሱን በተካው በ1996ቱ ዐዋጅ ቁጥር 377 ዝቅተኛው የቅጥር ዕድሜ 14 ነበር፤ ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የዝቅተኛ ዕድሜ ስምምነት በ1991 ዓ.ም. ስታጸድቅም ያሳወቀችው 14ን ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 15 ከፍ አደረገው። ከ15 እስከ 18 ያለውን ደግሞ «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ ልዩ ጥበቃ ሰጠው። በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሳይደግም ከመጣ 9ኛ ክፍል የሚደርሰው በ15 ዓመቱ ነው። እንግዲህ ዕድሜውን ጠብቆ የመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ በሕግ መቀጠር የሚችል ሰው ነው ማለት ነው።

ጥበቃው ምን ይላል? ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። የትርፍ ሰዓት ሥራ አይታዘዝም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላትም እንዲሁ። ለብቻው ሲነበብ የሚያስመሰግን ነው። በተማሪ ፕሮግራም ላይ ሲያርፍ ግን ይገለበጣል። ተማሪ ነፃ የሚሆነው መቼ ነው? ከቅዳሜ ሌላ እሑድና በዓል፤ ሕጉ በሩን የዘጋባቸው ቀናት። ትምህርት ባለበት ማክሰኞ ግን 7 ሰዓት ማሠራት ይቻላል። ጠዋት 5 ሰዓት ያህል የተማረ ልጅ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሱቅ ቢቆም የጣሰው ሰዓት የለም፤ መጽሐፍ የሚገልጥበትም ሰዓት የለውም። ሙሉ ቀን ለሚማር ተማሪ ደግሞ ስሌቱ ከዚህ ይከፋል። እኔ እንደምረዳው፣ አንቀጹን ያረቀቁት ሰዎች በዓይነ ሕሊናቸው ያዩት ትምህርት አቋርጦ ፋብሪካ የገባ የ15 ዓመት ልጅ ነው። ደብተር ይዞ የሚመጣውን አላዩትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ይከለክላል፤ ትምህርቱን የሚጎዳው ስንት ሰዓት ሲሆን ነው የሚለውን ግን ዐዋጁ ሳይመልስ አልፎታል።

ይህ ሊመለስ የማይችል ጥያቄ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ በትምህርት ቀን ከ3 ሰዓት፣ በትምህርት ሳምንት ከ18 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ትምህርት ሲዘጋ ግን ወደ 8 እና 40 ሰዓት ከፍ ይላል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ ሥራ ሲጀምር ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ የትምህርቱና የሥራው ሰዓት ተደምሮ በቀን ከ12 ሊበልጥ አይችልም፣ ከሁለቱም ነፃ የሆኑ 8 ተከታታይ ሰዓታትም ይጠበቁለታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሬስቶራንት ያለው ሐበሻ የወንድሙን ልጅ ሲቀጥር ይህን ደንብ ያውቀዋል። የወረቀቱ ጥቅም ብዙም አይታየኝም፤ ወረቀት እኛም አላነሰንም። ልብ የሚባለው ትምህርትና ሥራን በአንድ መስመር መደመሩ ነው።

ሰዓቱ ቢስተካከል እንኳ ሕጉ የሚደርሰው እስከ የት ነው? ዐዋጁ የሚገዛው የቅጥር ውል ያለበትን ግንኙነት ነው። በድሬዳዋ ተቆጣጣሪ ገብቶ የሠራተኛ መዝገብ ሊያገላብጥባቸው የሚችሉት እንደ ሲሚንቶና ጨርቃ ጨርቅ ያሉት ፋብሪካዎችና ነፃ የንግድ ቀጠናው ናቸው። ግማሽ ቀን የሚያሠሩት ተማሪ የሚፈልጉት ግን እነሱ አይደሉም። ተማሪው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዕቃ የሚያወርድና የሚጭን አለ፤ ይህ ዐዋጁ ለወጣት ሠራተኛ ከከለከላቸው ሥራዎች ይመደባል። በአባቱ ሱቅ የሚውል አለ፤ አባት ቀጣሪ አይባልም። ሱቅ በደረቴ ይዞ የሚዞር አለ፤ አለቃው ራሱ ነው፣ ንግድ ፈቃድ እንዳያወጣም ለአካለ መጠን አልደረሰም።

ከሁሉም በታች የምትገኘው ከሐረርጌ ገጠር መጥታ ሰው ቤት እየሠራች ማታ የምትማረው ልጅ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጁ የቤት ሠራተኛን በልዩ ደንብ ትተዳደር ብሎ ከራሱ ውጭ አድርጓታል። ለእሷ የቀሩላት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያሉ ጥቂት አንቀጾች ናቸው፤ አሠሪው ለጤናዋና ለደኅንነቷ እንዲያስብ የሚሉ፣ ሰዓት የማይቆጥሩ። የማታ ትምህርት የምትሄደው እመቤቷ ደግ ከሆነች ነው። በ2007 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሕፃናት ጉልበት ጥናት ከ5 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 42.7 በመቶው በሕፃናት ጉልበት ሥራ ውስጥ እንደሆኑ ሲነገር፣ ብዛቱ የተገኘው ከፋብሪካ በር አይደለም፤ ከእርሻና ከቤት ነው።

ወላጅም የራሱ ሒሳብ አለው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቁጥጥሩ ከጠበቀ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች የሰማ አባት ልጁን ከመጽሐፉ ጎን ሌላ ነገር ቢያስይዘው አይፈረድበትም። ክረምት ሲመጣ መንግሥት ለተማሪ የሚያዘጋጀው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው፤ ችግኝ መትከል፣ የአቅመ ደካማ ቤት ማደስ። ጥሩ ነው፣ ግን ደብተር አይገዛም።

እናትየው ታዲያ ልጇን ይዛ ጋራዥ ትሄዳለች። «ጋሼ፣ ክረምቱን እርስዎ ጋ ይዋልልኝ፤ ሙያ ያስይዙልኝ» ትላለች፣ ጋሼም «ይምጣ» ይላሉ፣ በቃ። ድሬ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ ቶርኖና ብየዳ በባቡሩ ወርክሾፕ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ልማዱ ዛሬም አለ፤ ለማጁ መጀመሪያ ቁልፍ ያቀብላል፣ ቀጥሎ ይፈታል፣ ቆይቶ ይገጥማል። ክፍያው የምሳና የሳሙና ነው፤ መስከረም ሲጠባ ልጁ ትምህርት ቤት ይመለስ ወይስ ጋራዥ ይቅር የሚለው ግን የተነጋገረበት የለም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ በዚህች በአንዷ ሕጉ ወረቀት ማዘዙ ነው። ሙያ ለማስለመድ የሚገባ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው አካል እንዲረጋገጥ ዐዋጁ ይጠይቃል። ለድሬ ተማሪ ከሥራ ፈቃድ ጋር የሚቀራረብ ሰነድ ቢፈለግ ያለው ይኸው ነው። አዲስ ዐዋጅ ሳይጠበቅ ልጁ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚውል፣ ምን እንደሚማር፣ መስከረም ላይ መቼ እንደሚለቀቅ እዚያው ሊጻፍበት ይችላል። ጋሼ ግን «ይምጣ» ሲሉ እንዲህ ያለ ወረቀት ትዝም አይላቸው፣ እናትየውም አትጠይቃቸውም።