የሌሊት ችሎት

ስለ እንቅልፍ ሊያማክሩኝ የሚመጡ ሰዎች ሰዓቱን አይስቱትም። «ስምንት ተኩል ላይ ነቃሁ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ሳይከደን ነጋ» ይሉኛል። ምን ሲያስቡ እንዳደሩ ስጠይቃቸው ግን ያፍራሉ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲናገሩት ነገሩ ያንስባቸዋል። አንዱ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹን በወንድማቸው ስም ጠርቷል። አንዷ ለአለቃዋ ባስገባችው ሪፖርት ላይ ቀን ተሳስታለች። ሌላው ሰርግ ላይ የወረወረው ቀልድ የሙሽራውን እናት ያስከፋ መስሎታል። በቀን ቢሆን ወሬው የቡና ማጣጫ ይሆን ነበር። ሌሊት ግን «ምነው ምላሴን በቆረጠው!» እያሉ ሲገላበጡ ያድራሉ።

የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ። በተመላላሽ ሕክምና ክፍላችን እንዲህ ያለ ሰው ሳላይ የማልፈው ሳምንት የለም። ታካሚዎቼ እንዳይታወቁ ዝርዝራቸውን እየቀያየርኩ ነው የምጽፈው።

አብዛኞቹ እኔ ጋ ከመምጣታቸው በፊት የሞከሩት ነገር ከሐሳቡ ጋር መከራከር ነው። «ኧረ ምንም አላልኩም»፣ «ኧረ ብለሃል»፣ «ቢሰማ ኖሮ ፊቱ ይለወጥ ነበር»፣ «ተለውጧል እንጂ!» በዚህ ችሎት ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም አንድ ሰው ነው፤ ያውም እንቅልፍ ያጣ ሰው። መዝገቡ ጠዋት መሥሪያ ቤት ነው ያለው፤ የተከፋ የመሰለን ሰውም በዚያ ሰዓት ቤቱ ተኝቷል። ፍርዱ ወዴት እንደሚያዘነብል ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። እኔ የምመክረው ክርክሩን ማሸነፍን አይደለም። ችሎቱ በዚያ ሰዓት እንዳይሰየም፣ ለጉዳዩም የቀን ቀጠሮ እንዲሰጠው ነው።

ለምን በዚያ ሰዓት እንደሚመጣ ማወቁ ራሱ ያረጋጋል። ጥልቁ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ወደ ንጋት ሲጠጋ እንቅልፍ እየሳሳ ይሄዳል፤ ጤነኛ ሰውም ለአፍታ እየነቃ መልሶ ይተኛል፣ ጠዋት ግን አያስታውሰውም። በዚያች አፍታ ያልተቋጨ ነገር አእምሮው ላይ ብቅ ካለ ግን ሰውየው ይነቃል። የሚያጫውተው የለም፣ የሚሠራው የለም፣ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ስምንት ተኩል ላይ መንቃት ብቻውን በሽታ አይደለም።

አንድ ወጣት የባንክ ካሸር ነበር። ማታ ሒሳቡን ዘግቶ፣ ገጥሞለት፣ ፈርሞ ነው ወደ ቤት የሚሄደው። ሌሊት ሲነቃ ግን የባለ 200 ብር እስሮች ይመጡበታል። አንዷ እስር መቶ ኖት ናት፤ 20 ሺህ ብር።

«ሲስተር፣ ለዚያች ነጭ ነጠላ ለለበሰችው ሴትዮ ሁለት ነው የሰጠኋት ወይስ ሦስት?»

«ሒሳቡ ገጥሞ የለም እንዴ?»

«ገጥሟል።»

«ታዲያ?»

«በስህተት ገጥሞ ቢሆንስ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ግን ለእርሱ ቀልድ አልነበረም፤ ጉድለት ቢገኝ ከደመወዙ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ ስጋቱን «ከንቱ ነው» አላልኩትም። ከሥራ መልስ፣ እራት ሳይቀርብ፣ ለሩብ ሰዓት ደብተር ይዞ እንዲቀመጥ ተስማማን። ገጹን ለሁለት ይከፍላል፦ በግራ የከነከነው ነገር፣ በቀኝ ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር ከነሰዓቱ። በመጀመሪያው ሳምንት ያመጣልኝ ገጽ ላይ በቀኝ በኩል ከላይ እስከ ታች የተጻፈው «እጠነቀቃለሁ» ብቻ ነበር። ሰረዝኩበት። «መጠንቀቅ ሰዓት የለውም» አልኩት። በቀጣዩ ሳምንት «ከአንድ እስር በላይ ስከፍል ደንበኛው ፊት ድምፄን አውጥቼ እቆጥራለሁ፤ ከነገ ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሮ» ብሎ መጣ። ይኼ ሥራ ነው። የሚሠራ ነገር በሌለበት መስመር ላይ ደግሞ «ሒሳቡ ተዘግቷል፤ የሚደረግ የለም» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ይህም ውሳኔ ነው።

ዝርዝር መጻፉ ለምን እንደሚረዳ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። በአሜሪካ የቤይለር ዩኒቨርሲቲው ማይክል ስከሊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ሥራ 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ ቤተ ሙከራ አሳደሩ። ግማሾቹ ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ በሚቀጥሉት ቀናት የሚጠብቃቸውን ሥራ ጻፉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ሠርተው የጨረሱትን። የነገውን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዝርዝራቸው ይበልጥ በተብራራ ቁጥርም ቶሎ ተኙ። የአንድ ሌሊት ሙከራ ነው፤ የተኙትም ጤነኛ ወጣቶች ናቸው፤ ከዚህ በላይ አልጭንበትም። ግን ክፍሌ ውስጥ ከማየው ጋር ይገጥማል። ሰው የሠራውን እየቆጠረ ራሱን ለማጽናናት ሲሞክር አይረጋጋም፤ የቀረው ነገር ሰዓትና ቦታ ሲያገኝ ነው ልቡ የሚያርፈው።

ደብተሩ ተጽፎም ሐሳቡ ሌሊት ይመጣል። ያን ጊዜ «ሂድ፣ አትምጣብኝ» ማለት ይብስ ይጠራዋል። «ቀጠሮህ ነገ ከሥራ መልስ ነው» ብሎ ማለፍ ይሻላል። ካሸሩ መጀመሪያ ላይ ይህን በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ማለት ነበረበት፤ እየቆየ ግን ቀነሰለት።

ቀጠሮ የማይሰጠው ጉዳይም አለ። የሙያ እህቴ የሆነች የዋርድ ነርስ ሌሊት ነቅታ አንድ መድኃኒት መስጠቷን ቻርት ላይ መፈረሟ አልታወስ አላት። ካልፈረመች ተረኛዋ ያልተሰጠ መስሏት ልትደግመው ትችላለች። እንዲህ ሲሆን የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ የሚደረግ ነገር አለ ወይ? እዚህ ጋ አለ። ስልኳን አንስታ ተረኛዋን «እባክሽ የአልጋ ቁጥር 6ን ቻርት እዪልኝ» አለቻት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ይህን ጭንቀት አልለውም፣ ሥራ ነው። ሰው አደጋ ላይ ካለ ይደወላል፤ ከሌለ ይቀጠራል። ደጋግማ ደጋግማ የምትደውል ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ ነገር እጠረጥር ነበር።

መጻሕፍቱ አንድ ተጨማሪ ነገር ያዛሉ። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፦ እንቅልፍ እንቢ ካለ ከአልጋ ተነሥተህ ወደ ሌላ ክፍል ሂድ፣ ሲመጣ ተመለስ፤ አልጋው የመጨነቂያ ቦታ መሆኑን እንዲረሳ። ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ግን የትኛው ሌላ ክፍል? ከማያቸው ሰዎች ስንቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ከነልጆቹ ነው የሚያድረው! መብራት ቢያበራ ቤቱ ሁሉ ይነቃል። እኔ በሩ አጠገብ ዱካ አስቀምጡ እላለሁ። ጋቢ ደርቦ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ በጨለማ መቀመጥ። መቁጠሪያ ያለው መቁጠሪያውን፣ ሙስባሃ ያለው ሙስባሃውን ይዞ። ስልክ ግን አይነካም። ጸሎቱን «በትክክል አላደረስኩም» እያለ ከመጀመሪያው የሚደግም ሰው ካለ ደግሞ ይንገረኝ፤ እርሱ ራሱን የቻለ ሕክምና ያለው ነገር ነው።

ስለ ቡና፣ ስለ ጫትና ስለ መጠጥ ሁሉም ያውቀዋል፤ የከሰዓቱን በረካ ሳይቀር እጠይቃለሁ፣ መልሱም «እሱን እንኳ ተዪልኝ» ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ማታ የተጠጣ አረቄ ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊት ደግሞ ራሱ ይቀሰቅሳል፤ ልክ ችሎቱ በሚሰየምበት ሰዓት። ከጎረቤት የተበደረ የእንቅልፍ ኪኒንም ይቅር። ዳያዜፓም በቆየ ቁጥር ልማድ ይሆናል፣ በድንገት ማቆሙም አደገኛ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሰነበተ እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ የሚሰጠው ኪኒን ሳይሆን የንግግር ሕክምናው ይሁን ያለው በዋዛ አይደለም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የበዛው ደግሞ የቴሌግራም ጭንቀት ነው። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ላይ ለእህቷ የታሰበ መልእክት ላከች፤ ወዲያው ብትሰርዘውም ሌሊቱን «ማን አይቶት ይሆን?» ስትል አደረች። እ.ኤ.አ. በ2000 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን የሚያሳፍር ቲሸርት አልብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል አስገቧቸው። ለባሾቹ ግማሹ ሰው ያያቸው መሰላቸው፤ ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ይህን ስነግራት ፈገግ ብላ «ሩቡም እኮ አለቃዬ ሊሆን ይችላል» አለችኝ። ልክ ናት፤ ጠዋት ሄዳ ራሷ ነገረችው፣ እርሱም ግሩፑን ሁለት ቀን እንዳልከፈተው ነገራት።

እዚህ ላይ አንድ ድንበር ላስምር። እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ሆኖ ሦስት ወር ከዘለቀ፣ ወይም ምግብ እንቢ ካለ፣ ጸጸቱ ከጥፋቱ ጋር ጨርሶ ካልተመጣጠነ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣ ነገሩ ከደብተር በላይ ነው። ለዚህ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

አለቆችን በተመለከተ ግን ቅሬታ አለኝ። ከታካሚዎቼ ደጋግሜ የምሰማው አንድ መልእክት አለ፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይገባል፦ «ነገ ጠዋት ቢሮዬ ና፣ የማነጋግርህ ጉዳይ አለ።» ያ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የዓመቱን ሥራ ሲመረምር ያድራል። ጠዋት ሲገባ ጉዳዩ የዕረፍት ፈቃድ ፎርም ይሆናል። ወይ ጉዳዩን ይጻፉለት፣ «ስለ ፈቃድህ ነው» ለማለት ሦስት ቃል ይበቃል፤ ወይ ደግሞ መልእክቱን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይላኩለት።