የተከፈለበት ምግብ

በዒድ ሰሞን ልጆቻችንን ይዘን ከጎፋ ወደ መዝናኛ ስፍራ ስንወጣ፣ መግቢያውንና ምግቡን አንድ ላይ አስቀድመን የምንከፍልበት ጊዜ አለ። ታዲያ ልጁ ጠግቦ ሳለ «ገንዘብ ወጥቶበታል!» እያልን ችፕሱንና ለስላሳውን እንዲጨርስ እንገፋፋዋለን። ይህ ኢስራፍን መሸሽ ሳይሆን ብክነቱን ከሳህን ወደ ልጁ ሆድ ማዛወር ነው።

330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ኮካ ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ከመከረው ወሰን አንጻር ለአምስት ዓመት ልጅ የቀን ድርሻው በዚሁ ያልቃል።

ምግብ አስቀድሞ መክፈል በሚቻልበት በአሜሪካው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ፣ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ከልጆች ምግብ ጋር በችፕስና በለስላሳ ፋንታ ፍራፍሬ ወይም አትክልት፣ ወተት፣ ውሃ ወይም ጭማቂ መቅረብ ጀመረ፤ ችፕስ የፈለገ ይጠይቅ ነበር። በ2016 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ መጠጡን ሁለት ሦስተኛው፣ አትክልትና ፍራፍሬውን ግማሽ ያህሉ ሳይቀይሩ ተቀብለዋል።

እኛም ከመክፈላችን በፊት እንጠይቅ፦ ሥጋው ሐላል ነው? ለስላሳው በውሃ ይለወጣል? የተረፈውን ይዞ መውጣት ይቻላል? ከሰፈር ጉልት የገዛነውን ሙዝ ይዘን መግባት ከተፈቀደ ደግሞ እሰየው። በወረፋ ላይ ልጅ ቀድሞ የሚጠይቀው ውሃ ነውና ኮዳውም አይረሳ።