የ2.7 ግራም ተንኮል

የሰፈር ፒንግ ፖንግ የተጫወተ ሰው ይህን ያውቀዋል። ተጋጣሚው ኳሷን በቀስታ ይሰዳታል። የምታስፈራ አይደለችም፤ እንዲያውም ለመምታት የተመቻቸች ትመስላለች። ተቀባዩ ራኬቱን ያስጠጋላታል፤ እሷ ግን ቁልቁል ወርዳ መረቡ ውስጥ ትወሸቃለች። «በደንብ ነክቻት ነበር እኮ!» ይላል። እውነቱን ነው፣ ነክቷታል። ያላየው ሽክርክሪቷን ነው።

የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ 40 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.7 ግራም ክብደት ያላት፣ ውስጧ ባዶ የሆነ ፕላስቲክ ናት። ከክብደቷ ገላዋ ስለሚበልጥ አየር እንዳሻው ያደርጋታል። የሠለጠነ ተጫዋች በሰከንድ ከ100 ዙር በላይ ያሾራታል። ሒሳቡን ብንሠራው፣ በ100 ዙር ብቻ የኳሷ ወገብ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሽከረከራል። ወደ ፊት የምትበርበት ፍጥነት ሌላ ነው።

አናቷ ወደ ፊት እየተንከባለለ ስትሄድ፣ ማለትም ቶፕስፒን ሲኖራት፣ የላይኛው ገጿ ከፊት የሚመጣውን አየር ይጋፈጣል፤ የታችኛው አብሮት ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ከኋላዋ የሚቀረው አየር ሽቅብ ይገፋል፤ ኳሷ በአጸፋው ቁልቁል ትጫናለች። ባክስፒን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ኳሷ አየር ላይ ትንሳፈፋለች። ነገሩ የሚጠራው በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ በሃይንሪሽ ጉስታቭ ማግኑስ ስም ነው፤ ኒውተን ግን ከእሱ በፊት፣ በ1672 እ.ኤ.አ.፣ የቴኒስ ኳስ መንገዷን ስታጣምም አስተውሎ ጽፏል።

ይህ ለተጫዋች ምን ይፈይዳል? የመረቡ ቁመት 15.25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከመረቡ ወዲያ ያለው ጠረጴዛ ደግሞ 1.37 ሜትር ብቻ። ከመረቡ በታች የወረደችን ኳስ በጉልበት ቀጥ አድርጎ የመታ ሰው መረቡን ካለፈለት ጠረጴዛውን ይስታል። በኃይል መትቶም ጠረጴዛው ላይ የሚያሳርፍለት ቶፕስፒን ነው።

የብዙ ጀማሪ ስሕተት ሽክርክሪትን በጉልበት መፈለጉ ነው። ኳሷ መደለቅ ሳይሆን መፈተግ ነው ያለባት፤ ራኬቱ ከታች ወደ ላይ በፍጥነት እየሄደ ጀርባዋን በስሱ ጠረግ ያደርጋታል። እጀታውን አንቆ የያዘ እጅ ይህን አይችልም፤ አንጓው ላላ ማለት አለበት። ላስቲኩም ወሳኝ ነው። ጃፓናዊው ሂሮጂ ሳቶ በ1952 እ.ኤ.አ. ቦምቤይ ላይ በስፖንጅ ራኬት የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ ወዲህ ራኬት እንደ ድሮው አልሆነም። ዛሬ ስፖንጁና ላስቲኩ ከነሙጫው ከ4 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ሕግ ገድቦታል። ላስቲኩ አቧራ ከጠጣ ግን ኳሷን አይዛትም፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ከአዲስ ራኬት ግዢ ይቀድማል። (የሰፈራችን ራኬቶች፣ ላስቲካቸው ተልጦ እንጨት የቀሩት፣ ምሕረት ይደረግላቸው።)

መቀበሉ ከመምታቱ ይከብዳል። ተንኮለኛ ተጫዋች እጁን በሰፊው እያወናጨፈ ያዘናጋል፤ እርስዎ ማየት ያለብዎት ራኬቱ ኳሷን በነካባት ቅጽበት ወዴት ይሄድ እንደነበር ነው። ወደ ታች ከነበረ የራኬትዎን ፊት ከፈት አድርገው ያንሷት፤ ወደ ላይ ከነበረ ወደ ፊት ደፋ ያድርጉት።

ኳስ ካለዎት ዛሬውኑ ይሞክሩት። ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በወዲህ በኩል ያለውን ጫፏን በጣትዎ ቁልቁል ይጫኑትና አፈትልካ ትውጣ። ጥቂት ወደ ፊት ትሄድና ትቆማለች፤ ከዚያ ማንም ሳይነካት ተመልሳ ወደ እርስዎ ትመጣለች።