አንዲት ነፍሰ ጡር፣ አንድ ግራም ብረት

የኢሉባቦርን ምድር ያየ ሰው ቀይ አፈሩንና ቡናውን አይረሳም። በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ ዙሪያ ያለው አፈር ቀልቶ የሚታየን በውስጡ ብዙ የብረት ኦክሳይድ ስላለ ነው። ታዲያ ዘወትር ብረት የሚረግጡ እናቶች በእርግዝናቸው ወራት ስለምን የብረት እጥረት ያጋጥማቸዋል? ጥያቄው የሕክምና ብቻ ይመስላል፤ ይሁንና መልሱ በአብዛኛው የአተም፣ የኤሌክትሮንና የሒሳብ ጉዳይ በመሆኑ እኛ የፊዚክስ መምህራንም ጥቂት ልንልበት ወደድን።

ብረትና ኦክስጅን

በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ይገኛል። እያንዳንዱ የሄሞግሎቢን ሞለኪዩል አራት የብረት አተሞች አሉት፤ እያንዳንዱ አተምም ከሳንባ አንድ የኦክስጅን ሞለኪዩል ተቀብሎ ወደ ቀረው የሰውነት ክፍል ያደርሳል። በአንዲት ቀይ ሕዋስ ውስጥ 270 ሚሊዮን ያህል የሄሞግሎቢን ሞለኪዩሎች ስለሚገኙ፣ ሕዋሷ በአንድ ጉዞ ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጥ የኦክስጅን ሞለኪዩል ልትሸከም ትችላለች። ብረት ሲጎድል ሰውነት በቂ ሄሞግሎቢን መሥራት ይሳነዋል፤ ከብረት እጥረት የሚመጣው የደም ማነስም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። መቱ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ወለል ካለው 82 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በየትንፋሹ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ስለሚያንስ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን በመሥራት ጉድለቱን ያካክሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር እናቶች የደም ማነስ ወሰን ያደረገው በአንድ ዴሲሊትር ደም 11 ግራም ሄሞግሎቢን ሲሆን፣ በእርግዝናው መካከለኛ ሦስት ወራት ወሰኑ 10.5 ነው። በከፍታ ቦታ ለሚኖሩ ግን ይህ ወሰን ከፍ ተደርጎ ይታረማል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ደኅና የሚባል ቁጥር በመቱ ደኅና ላይሆን ይችላል።

የአንድ ግራም ሒሳብ

በእርግዝና ወቅት የእናቲቱ የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ለዚህና ለጽንሱ የሚያስፈልገውን ብረት በግምት እንደምር። ለጽንሱና ለእንግዴ ልጁ 300 ሚሊግራም፣ ለእናቲቱ ተጨማሪ ቀይ ሕዋሳት 450 ሚሊግራም፣ በአንጀት፣ በቆዳና በሽንት በየዕለቱ ለሚወጣው ደግሞ 250 ሚሊግራም ያህል ያስፈልጋል። ድምሩ 1,000 ሚሊግራም ወይም አንድ ግራም ይሆናል። ክብደቱ ከአንዲት ትንሽ ሚስማር አይበልጥም።

ነገር ግን ይህች ትንሽ ሚስማር በአንድ ቀን አትዋጥም። አንጀት በደኅናው ጊዜ በቀን የሚያስገባው ብረት ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ሲሆን፣ በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ የሚፈለገው ግን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ሚሊግራም ይደርሳል። ቀሪው በጉበትና በመቅኔ ከተጠራቀመው ክምችት መምጣት አለበት። የብዙ ሴቶች ክምችት ከ300 ሚሊግራም አይበልጥም፤ በተቀራረበ ጊዜ ደጋግማ የወለደች እናት ጎተራ ደግሞ ባዶ ሊሆን ይችላል።

በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ የሚሰጠው ክኒን የታሰበው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ክኒኑ 60 ሚሊግራም ብረትና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ይይዛል። ብረቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከፌረስ ሰልፌት ነው። ሰባት የውኃ ሞለኪዩል ያዘለው የዚህ ጨው ሞለኪዩላዊ ክብደት 278 ሲሆን የብረቱ ድርሻ 56 ነው፤ ይህም አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ 300 ሚሊግራም ጨው 60 ሚሊግራም ብረት ይሰጣል። አንጀት ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛውን ወሰደ ብንል በቀን 6 ሚሊግራም ይገባል። በ30 ቀን 180፣ በ90 ቀን 540፣ በ180 ቀን 1,080 ሚሊግራም ይሆናል ማለት ነው። በእርግጥ አንጀት የሚቀበለው መጠን ከሰው ሰው ስለሚለያይ ስሌቱ ግምታዊ ነው። ቁም ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ ክኒኑን አንድ ወር ወስዶ መተው ከዕዳው አንድ አምስተኛውን እንኳ አለመክፈል ነው።

የአንጀት በር

ወደ አፈሩ እንመለስ። በዝገትና በቀይ አፈር ውስጥ ያለው ብረት ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ ነው። በዚህ መልኩ በአንጀት ፈሳሽ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። የአንጀት ግድግዳ የሚያሳልፈው ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ያጣውን ብረት ነው። ስለዚህ ብረት ወደ ደም ለመግባት አንድ ኤሌክትሮን መበደር ይኖርበታል። ቫይታሚን ሲ ይህን ኤሌክትሮን ስለሚለግስ ሎሚ፣ ብርቱካንና ቲማቲም ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ይረዳሉ። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ በሌላ መንገድ፣ ከነሽፋኑ ስለሚገባ በተሻለ መጠን ይወሰዳል።

«እኛ ጤፍ በላተኞች ነንና ብረት አይጎድለንም» የሚል አስተሳሰብ አለ። ኢትዮጵያውያን ከምግብ የሚያገኙት የብረት መጠን ከፍተኛ መሆኑን ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት መርምረውታል። ሆኖም በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ብዙው እህሉ በአውድማ ላይ በከብት ሲበራይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው። የዚህን ብረት አብዛኛውን አንጀት አይቀበለውም። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ውሕድም ብረትን አስሮ ይይዛል። ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ፣ በደንብ የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ ይሻላል።

የቡናው ሰዓት

ብረት ከአንጀት ወደ ደም ሲጓዝ ለመከታተል የቻልነው በኑክሌር ፊዚክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በበርክሌይ በሚገኘው በኧርነስት ሎውረንስ ሳይክሎትሮን የተሠራ ሬዲዮአክቲቭ ብረት ጆርጅ ዊፕልና ባልደረቦቻቸው በውሾች ላይ ለሚያካሂዱት ምርምር ዋለ። ደም ያነሳቸው ውሾች ከጤነኞቹ እጅግ የበለጠ ብረት እንደሚቀበሉም ታየ።

በዚሁ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ለቡና አገር ሰው ትልቅ ትምህርት አለው። ከሥጋ ሳንድዊች ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ደም የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀነሰው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ጉዳት አልታየም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ያህል ብረቱን አገደው። ምክንያቱም በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉ ፖሊፌኖሎች በአንጀት ውስጥ ገና ያልገባውን ብረት አስረው ስለሚይዙት ነው።

በኢሉባቦር ቤቶች ቡና የሚፈላው ብዙ ጊዜ ማዕዱ እንደተነሣ ነው። ነፍሰ ጡሯን ከጎረቤት ጋር ከምትቀመጥበት የቡና ሥርዓት አስነሡ አንልም። ስኒዋን ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም ብላ ወይም ከምግቡ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ብትጠጣ ግን ብረቷን ትጠብቃለች። ክኒኑንም በቡና፣ በሻይ ወይም በወተት ሳይሆን በውኃ መዋጥ ይገባል።

ክኒኑ ስለምን ይቋረጣል?

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ የጣት ደም ጠብታን በብርሃን በሚለካ መሣሪያ ከተመረመሩት ነፍሰ ጡሮች 29 በመቶው የደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። በመጨረሻ እርግዝናቸው የብረት ክኒን የወሰዱት ሴቶች በዚያ ጥናት 42 በመቶ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ ጥናት 60 በመቶ ደርሰዋል። 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን በመጀመሪያው 5 በመቶ፣ በሁለተኛው 11 በመቶ ብቻ ነበሩ። ክኒኑ ቤት ደርሷል፤ ሒሳቡ ግን አልተሞላም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ክትትል ዘግይቶ መጀመር ነው። በሰባተኛው ወር የመጣች እናት የምትወስደው ከ60 ክኒን ብዙም አይበልጥም። ፎሊክ አሲድም የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሠረሠር በሚሠሩባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ስለሚያስፈልግ መዘግየቱ እጥፍ ጉዳት አለው። ሌላው ምክንያት ማቅለሽለሽና የሆድ ድርቀት ነው። ክኒኑን ከምግብ ጋር ወይም ማታ ከመኝታ በፊት መውሰድ ብዙዎችን ያቀልላቸዋል። የሰገራ መጥቆር ያልገባው ብረት መልክ እንጂ በሽታ አይደለም። «ክኒኑ ልጁን ያገዝፈውና ምጥ ያከብዳል» የሚለው ፍርሃትም መሠረት የለውም፤ ክኒኑ የሚሞላው የጎደለውን ደም ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ደም የሚያንሰው በብረት እጥረት ብቻ አይደለም። ወደ ጋምቤላ በሚያዘቀዝቁት ቆላማ ወረዳዎች የሚበረታው ወባ ቀይ ሕዋሳትን ያፈነዳል፤ በባዶ እግር የሚገባው የመንጠቆ ትልም ከአንጀት ደም ይመጣል። ስለዚህ ክኒኑ ከአጎበር፣ ከጫማና በሐኪም ከሚታዘዝ የትል መድኃኒት ጋር አብሮ ይሄዳል። የደም ማነሱ ከተገኘ መጠኑን የሚጨምረው የጤና ባለሙያ ነው። ክኒኑ በብዛት ከተዋጠ ለሕፃናት መርዝ ስለሆነ እጃቸው በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

በመጨረሻም የዚህን ሒሳብ ፍሬ እናስብ። ደሟ ያነሰ እናት በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ቢፈስሳት የምትተማመንበት መጠባበቂያ የላትም፤ ሌላዋ የምትሻገረው መድማት እርሷን ሊገድላት ይችላል። ሕፃኑም በመጀመሪያዎቹ ከአራት እስከ ስድስት ወራት በአብዛኛው የሚጠቀመው በማኅፀን ሳለ ያጠራቀመውን ብረት ነው፤ ያንንም የሚያጠራቅመው በይበልጥ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ውድ አንባብያን፣ ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ነፍሰ ጡር እኅት ወይም ጎረቤት ብታገኙ ሦስት ነገር ጠይቁልን፤ ክትትል ጀምራ እንደሆነ፣ ስንት ክኒን እንደ ወሰደችና ቡናዋን በስንት ሰዓት እንደምትጠጣ።