የመልቲካስት መልእክት ጀምሮ ስለ ምን ይቋረጣል?

መልቲካስት ማለት አንድ ላኪ አንድ ጊዜ ብቻ የላከውን መልእክት በአንድ ቡድን የተመዘገቡ ብዙ ኮምፒውተሮች የሚቀበሉበት ዘዴ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው አንድ ብልሽት ብቻ ነው፤ ይኸውም መልእክቱ በደኅና ሲደርስ ቆይቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መቅረቱ ነው። በመልቲካስት «አለሁ» እየተባባሉ አንድ ሥራ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች፥ ሁሉም ደኅና ሳሉ፥ አንዱ ሌላውን እንደ ሞተ ሊቈጥረው ይችላል። ፕሮግራሙን የጻፈውም ሰው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ መልእክትን ከመስመር ወደ መስመር የሚያሻግረው ክፍል ብሪጅ ይባላል። ብሪጁ መልእክቱን በየመስመሩ ሁሉ እንዳይበትን፥ አባላት የሚልኩትን የአይጂኤምፒ ማስታወቂያ እያዳመጠ ማን የት እንዳለ ይመዘግባል። አባሉ ቡድኑን ሲቀላቀል ሳይጠየቅ ያስታውቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚናገረው ጠያቂ ሲጠይቀው ነው። በተለመደው ደንብ ጠያቂው በየ125 ሴኮንዱ ይጠይቃል፤ 260 ሴኮንድ ድምፁ ያልተሰማ አባል ከመዝገብ ይፋቃል።

እንግዲህ ጠያቂ በሌለበት ኔትወርክ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። ነገሩ ስም የሚጠራ ሰው በሌለበት የዕድር ስብሰባ «አቤት አላለም» ብሎ አባልን እንደ መሠረዝ ነው።

ይህ የማዳመጥ ሥራ በሊኑክስ ከርነል የተጨመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ነው። በ2013 ደግሞ ብሪጁ ጠያቂ ካልሰማ በመዝገቡ ሳይወሰን መልእክቱን ወደ መስመሮቹ ሁሉ እንዲያሳልፍ ታረመ። ይህ ጥንቃቄ በሌለው ስዊች ግን ብልሽቱ ዛሬም ያጋጥማል።

ስለዚህ መርማሪው አስቀድሞ ሰዓት ይያዝ። መልእክቱ ከመነሻው ካልደረሰ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ፕሮግራሙ በሌላ የኔትወርክ ካርድ ተመዝግቦ፥ ወይም ቲቲኤሉ 1 በመሆኑ መልእክቱ ራውተር መሻገር አቅቶት ይሆናል። ከአራት ደቂቃ ጥቂት አለፍ ብሎ ከተቋረጠና ፕሮግራሙ እንደ ገና ሲነሣ ከተመለሰ ግን፥ በቲሲፒዳምፕ የጥያቄ መልእክት መኖሩን ይመልከት። ከሌለ በአንድ ስዊች ወይም ብሪጅ ላይ የጠያቂነቱን ሥራ ይክፈት። ማዳመጡን መዝጋትም መልእክቱን ይመልሳል፤ ነገር ግን መስመሩን ሁሉ ለማይፈለግ ጭነት ይዳርጋል።

ከዚህ የምንረዳው፥ ዝም ያለውን አባል ከመፋቅ በፊት የጠየቀው መኖሩን ማጣራት እንደሚገባ ነው።