ጠፋ ያልተባለው ልጅ፤ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ስላሉት ልጆች

በቀድሞው የአገራችን ልማድ በሬ ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል ሌባው ወይም ቃጣዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ፤ የአገሩ ሹም ሕዝቡን በአንድ ሜዳ ላይ ሰብስቦ፤ የሚያውቅ ሰው ያየውን እስኪናገር ድረስ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይከለክል ነበር። ሥርዓቱ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባላል። ምንም የማያውቀውን ሰው ሥራ ያስፈታ ስለ ነበር ብዙ ነቀፌታ ሊቀርብበት ይቻላል። ዳሩ ግን የአንድ ጎረቤት ጥፋት የአገሩ ሁሉ ጉዳይ መሆኑን ያስታውቅ ነበር። የእኛም ጥያቄ ከዚሁ ይነሣል። ለጠፋ በሬ ይሰበሰብ የነበረ አገር ለጠፋ ልጅ ስለ ምን ዝም ይላል?

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ልጁ ከቤቱ እንዴት እንደሚወጣ መመልከት ያስፈልጋል። በባሕር ዳር መናኸሪያና በሐይቁ ዳር ከምናያቸው ልጆች ብዙዎቹ ከአቸፈር፥ ከሜጫ፥ ከደራና ከሌሎችም የገጠር ወረዳዎች የመጡ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በጉልበት የወሰዳቸው ሰው የለም። አንዲት አክስት ወይም የአገር ልጅ «ትምህርት ቤት አስገባታለሁ» ብላ ትወስዳለች፤ ወይም ደላላ በመንገድ ይቀበላል። ከዚህ በስተ ኋላ የመሬት ማነስ፥ የወላጅ ሞት፥ የመከር መበላሸት አለ። አንዳንዷ ልጅ ደግሞ ሳትደርስ ሊድሯት ሲሰናዱ በሌሊት አምልጣ የመጣች ናት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለ ተዘጉ፤ ልጅን በቤቱ ያቆየው የነበረ አንድ ዋና ምክንያት ቀርቷል።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ልጅ «ጠፋች» አትባልም፤ «ዘመድ ዘንድ ሄደች» ትባላለች። ችግሩ ያለው በዚህ አነጋገር ውስጥ ነው። ልጅቱ በሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ትገባለች፤ ሕፃን ታዝላለች፥ ውሃ ትቀዳለች፥ ከሁሉ በፊት ተነሥታ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች። ከአሠሪዋ ጋር ስትጣላ ደላላው ወደ ሌላ ቤት ያዛውራታል። የመጀመሪያውን ቤት ወላጆቿ ያውቁታል፤ ሁለተኛውን ደላላው ብቻ ያውቀዋል፤ ሦስተኛውን የሚያውቅ አይገኝም። በሌሊት ከቤት የተባረረች እንደ ሆነ መጠጊያ የምታገኘው ብዙ ጊዜ በመጠጥ ቤት ነው፤ ከዚያም የሚደርስባትን መዘርዘር አያስፈልገንም። ወንዱም ልጅ ሊስትሮ ይሆናል፥ ሎተሪ ይሸጣል፥ ዕቃ ይሸከማል፤ ወይም በዓመት ተቀጥሮ የሰው ከብት ይጠብቃል። ከፍ ያለው ደግሞ በክረምት ለአረም፥ በጥቅምት ለአጨዳ ወደ መተማና ወደ ቋራ የሰሊጥ እርሻ ይወርዳል። ከዚያ ባይመለስ ወላጆቹ የት ብለው ይጠይቃሉ?

ሕጉ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃን ሁሉ ስምና ዜግነት የማግኘት፥ ጉልበቱም ከመበዝበዝ የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። በሰው መነገድን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1178 ወጥቷል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ነገር ግን ይህ አዋጅ ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት ሥራ ከወሰኑ ውጭ ስላደረገው፤ የቤት ሠራተኛዋ የሥራ ሰዓትና ደመወዝ በእመቤቲቱ በጎ ፈቃድ ላይ ወድቋል።

ከሁሉም በላይ ሕግ የሚፈልገው ስሙና ዕድሜው የተጻፈ ልጅ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፤ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት የአገራችን ሕፃናት ልደታቸው በመንግሥት መዝገብ የተመዘገበው ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነበሩ። በአገር አቀፍ ደረጃ የምዝገባው ሥራ የተጀመረው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው ብዙዎቹ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ «18 ሞልቶኛል» እንድትል ደላላው ቢያስጠናት፤ ሐሰት መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ከየት ይመጣል? በአሜሪካ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጠፉ ልጆች ፎቶግራፍ በወተት ካርቶን ላይ እየታተመ በየቤቱ ይደርስ ነበር። የእኛ የገጠር ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚታተም ፎቶግራፍ እንኳ የለውም።

እዚህ ላይ ሌላውን ብቻ ወቅሰን እንዳናልፍ የራሳችንን እንናገር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ አንድ የክፍል ጓደኛችን ከፋሲካ ዕረፍት ሳይመለስ ቀረ። ስሙ ሲጠራ ለሁለት ሳምንት ያህል «የለም» እያልን መለስን፤ ከዚያም በቀይ እስክሪብቶ ተሰረዘ። ወደ እርሻ ወረደ ሲባል ሰማን፤ ወደየትኛው እርሻ፥ ከማን ጋር ብለን ግን አልጠየቅንም። እስከ ዛሬም የት እንዳለ አናውቅም።

እኛ ተማሪዎች ብዙዎቻችን በኪራይ ቤት ስለምንኖር የአከራያችንን ሠራተኛ በየቀኑ እናያታለን። ስሟን፥ የአባቷን ስም፥ የመጣችበትን ቀበሌ ጠይቀን ብናውቅ፤ ለቤተ ሰቧ ስልክ እንድትደውል ብንረዳት፤ በማታ ትምህርት እንድትመዘገብ አከራዮቻችንን ብንለምን ከአቅማችን በላይ አይደለም። ድብደባ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ባየን ጊዜ ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ግዴታችን ነው። መምህራኖቻችንም ተማሪዎች በየመናኸሪያው እየሄዱ ደላሎች የሚሠሩበትን መንገድ እንዲያጠኑ ቢመሩ፤ ቀበሌዎችም ደላላው ልጅቱን ያስገባበትን ቤት ሁሉ እንዲያስመዘግብ ቢያስገድዱ፤ ሦስተኛው ቤት የማይታወቅ ቤት ሆኖ አይቀርም ነበር።

አውጫጭኝ ይመለስ አንልም። ነገር ግን ያን ጊዜ በሜዳው ላይ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ይቀርብ የነበረው ጥያቄ «ምን አይተሃል?» የሚል ነበር፤ ለእኛም ዛሬ የሚቀርብልን ይኸው ነው።