የግቢ አበባ ዛፍ፦ የሚባለውና እውነታው

ክረምት ሲቃረብ ችግኝ የሚሸምተው ሰው ይበዛል። አብዛኛው ገዢ ችግኙን የሚመርጠው በአበባው ቀለም ነው፤ ካደገ በኋላ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ዛፍ ገና አምሮበት ሳይጠገብ በመጥረቢያ ይወድቃል።

«ጃካራንዳ ለግቢ ያምራል» ይባላል። ማማሩስ ያምራል፤ ግን ትንሽ ዛፍ አይደለም። ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአርጀንቲናና ከቦሊቪያ አካባቢ የመጣው ጃካራንዳ ሲያድግ 15 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ቅርንጫፉም በስፋት ይዘረጋል። ቦታው የመንገድ ዳርና ሰፊ ቅጥር ግቢ ነው። ቤቱ፣ ማድ ቤቱና የመኪና ማቆሚያው ከተሠራ በኋላ ለምትተርፈው ጥግ የሚስማማው ከ3 እስከ 6 ሜትር ላይ ቁመቱን የሚገታ ዛፍ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ደግሞ «አገር በቀል ዛፍ ለማገዶና ለጥላ እንጂ ለጌጥ አይሆንም» የሚለው ነው። ዲግጣን እንውሰድ። ገጠር ያደገ ሰው ቅጠሉን የከብት ቅማል ማጥፊያ አድርጎ ያውቀዋል እንጂ ዛፉን ለውበቱ ብሎ ሲተክለው አይታይም። ሲያብብ ግን ቀርባችሁ እዩት። ቢጫው አበባ በዘለላ በዘለላ ሆኖ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ እያንዳንዷ አበባ የአተር አበባ መልክ አላት። ትንንሾቹ ሞላላ ቅጠሎች በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ተደርድረው ፀሐይን ሳይጋርዱ ያጠልላሉ። አበባው ሲረግፍ ስስና ጠፍጣፋ የፍሬ ቋት ይተካል። ዲግጣ ወይና ደጋውንም ደጋውንም ይችላል፤ ገላጣ ቦታ ላይ ሲበቅል ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። ደቡብ አፍሪካውያን ይህንኑ ዛፍ ለጌጥ ብለው በየግቢያቸው ይተክሉታል፤ እኛ ዘንድ ከቁጥቋጦ ጋር ተመንጥሮ ይጣላል። ቅጠሉና ዘሩ ግን እንደማይበላ ለልጆች መንገር ያስፈልጋል። ንብ ለሚወድ ሰው ደግሞ አንፋር አለ፤ ቢጫ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ መዓዛማ አበባው ንብ አያጣም።

አተካከል ላይ የሚነገረው «ጉድጓዱ ይጥለቅ፣ ፍጉ ይብዛ» የሚል ነው። ጉድጓዱ መስፋት ያለበት ወደ ጎን ነው፤ ጥልቀቱ ሥሩ ካለበት አፈር ቁመት ባይበልጥ ይመረጣል። ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከተቀበረ ልጡ በእርጥበት ይበሰብሳል። ያልበሰለ ትኩስ ፍግም ሥር ያቃጥላል። ፕላስቲኩ የግድ ተቀድዶ መውጣት አለበት፤ በከረጢቱ ውስጥ ክብ ሠርቶ የተጠቀለለ ሥር ካለም በእጅ ይፍታታ ወይም በቢላ ይቆረጥ፤ አለዚያ እየወፈረ ሄዶ ራሱን ዛፉን ያንቀዋል። የተከላው ጊዜ ዝናቡ ሲረጋ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላም በየቀኑ ላዩን ከመርጨት በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ወደ ውስጥ እስኪዘልቅ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል።

«አላብብ ካለ ማዳበሪያ ጨምርበት» የሚለው ምክር ነገሩን የባሰ ያደርገዋል። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠል ይፋፋል፣ አበባ ይቀንሳል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ዛፉ በቂ ፀሐይ ማግኘቱ፣ ቀጥሎ የተገረዘበት ጊዜ ነው። እምቡጥ ሊያወጣ የተሰናዳን ቅርንጫፍ መቁረጥ የዓመቱን አበባ መቁረጥ ስለሆነ፣ መግረዝ አበባው እንዳለቀ ይሁን።

«ዛፍ ቤት ያፈርሳል» የሚለው ፍርሃት ከዋርካና ከሾላ የመጣ ይመስለኛል፤ ለእነሱ እውነት ነው። ትንሽ ዛፍ ግን ከግድግዳው 3 ሜትር ያህል ከራቀ አያሰጋም። ሥር ቱቦ ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ ቱቦው ቀድሞ ተሰንጥቆ ውኃ ሲያፈስ ነው።

በቸልታ የሚታለፍ አንድ ከባድ ስሕተት ግን አለ፤ «አበባ ምን ይጎዳል» ማለት። ቅጠሉ እንደ ጦር የሾለ፣ አበባው ሮዝ ወይም ነጭ የሆነው ኦሊያንደር ከቅጠሉ እስከ ሥሩ ሁለመናው መርዝ ነው፤ መርዙ ልብ ያውካል። ቅጠሉ ከደረቀም በኋላ መርዝነቱ አይለቀውም፤ ጭሱም ይጎዳል። ሕፃን ባለበት ቤት፣ ለበዓል የተገዛ በግ በሚታሰርበት ግቢ አይተከል። ያላችሁም ስትገርዙ ቁራጩን ለከብት አትጣሉ፣ ለማገዶም አታድርጉት።

ዘንድሮ ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ ዲግጣንና አንፋርን በስማቸው ጠይቁ። ሻጭ የሚያፈላው ገዢ የሚጠይቀውን ነው። ዲግጣ ከታጣም የደረቀ ፍሬውን ልቀሙ፤ ዘሩን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩና በማግስቱ ዝሩት።